ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም

ሁለት ሰዎች በቡጢ ተጋጥመው አንደኛው ባሸነፈ ጊዜ ምስጋናው የማን ነው? ሁለተኛው በወደቀ ጊዜስ ወቀሳው በማን ላይ ሊያርፍ ይገባል? በተጋጣሚው ላይ ነውን ወይስ ባሠለጠነው ሰው ላይ? ይህ ጥያቄ ሥራ ፈቶች ጊዜ የሚያሳልፉበት ወሬ ይመስላል። ነገር ግን የሠራን ሰው በሠራው ልክ ማመስገንና ያጠፋን ሰው ባጠፋው ልክ መውቀስ የፍርድ ሁሉ መጀመሪያ ነው። በትንሹ ነገር መፍረድ ያልለመደ ሰው፣ ነገ ዳኛ ወይም ሹም ወይም አባት በሆነ ጊዜ በትልቁ ነገር በትክክል ይፈርዳል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ የቡጢ ነገር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት እለምናችኋለሁ።

እኔ የምኖረው በሐረር ነው። ወደ ማታ ጊዜ በጀጎል ግንብ ውስጥ በፈረስ መጋላ አካባቢ፣ ወይም ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ ባሉት ሻይ ቤቶች ብትቀመጡ፣ ወጣቶች በቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበው ሲከራከሩ ትሰማላችሁ። የሚደግፉት ቡድን ያሸነፈ እንደ ሆነ «አሠልጣኙ ሊቅ ነው» ይላሉ። በሳምንቱ ያው ቡድን የተሸነፈ እንደ ሆነ ደግሞ «ይህን ደንቆሮ ያባርሩት» ይላሉ። ሊቁ በሰባት ቀን ውስጥ እንዴት ደንቆሮ ሊሆን እንደ ቻለ የሚጠይቅ ግን የለም። የቡጢ ነገር ሲነሣም አነጋገራቸው ይኸው ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ጥቂቶች አሉ፤ እነዚህ «ቡጢውን የሚሰነዝረው ልጁ ነው፤ አሠልጣኝ ማለት ፎጣና ውሃ ተሸካሚ ነው» ይላሉ። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። የፊተኞቹ የልጁን ሥራ ወስደው ለአሠልጣኙ ይሰጣሉ፤ የኋለኞቹ ደግሞ የአሠልጣኙን ኃላፊነት ከትከሻው ላይ ያወርዱለታል።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ ማለት ነውና፣ በዚያ ስም በሚጠራ አደባባይ የሚቀመጥ ወጣት ይህን ምሳሌ ሊዘነጋው አይገባም ነበር። ፈረሱ ጋላቢውን ከጦር ሜዳ ያደርሰዋል፤ ጦሩን የሚወረውረው ግን ሰውየው ነው። ፈረሱ በመንገድ ቢለግም ይወቀሳል፤ ካደረሰ በኋላ ግን ድሉም ሽንፈቱም የተዋጊው ነው። ለአሠልጣኝም ሕጉ ይህ ይመስለኛል። አንድ ነገር ብቻ እጨምርበታለሁ፤ ይኸውም አሠልጣኝ ተዋጊውን ማድረስ ብቻ ሳይሆን በሕይወቱና በጤናው መልሶ ወደ ቤቱ ማምጣትም ግዴታው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማችን በተደረገ የወጣቶች ግጥሚያ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሁለቱም ልጆች ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት አይበልጥም። ሦስቱ ዙር አልቆ ዳኛው የአንደኛውን እጅ ባነሣ ጊዜ ተመልካቹ ዘሎ ገብቶ አሠልጣኙን በትከሻው ተሸከመው፤ ያሸነፈው ልጅ ግን ብቻውን ቆሞ ጃኬቱን ይፈልግ ነበር። በሌላው ጥግ የተሸናፊው አሠልጣኝ ተንበርክኮ የልጁን እጅ መጠቅለያ ሲፈታ፣ የልጁ አጎት መጣና «አንተ ነህ ያዋረድኸን! ልጁን ምን አስተማርኸው?» ብሎ ጮኸበት። አሠልጣኙም ቀና ሳይል፣ «ጋሼ፣ ልጁ የቻለውን ሁሉ አድርጓል፤ ያኛው ዛሬ በልጦታል። መጀመሪያ ዓይኑን እንየው፤ ኋላ ይስደቡኝ» አለው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ስለ ልጁ ዓይን የተጨነቀ፣ ከዚያ ከሚሰደበው ሰው በቀር አንድም አልነበረም።

ነገሩን በአገራችን ታሪክ እንመርምረው። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ በኦሎምፒክ ያገኘችው ሜዳሊያ ሁሉ የሩጫ ነው፤ በቡጢ አንድም አላገኘችም። ስለዚህ የአሠልጣኝን ድርሻ ለመመርመር ከራሳችን ምሳሌ የምንፈልግ እንደ ሆነ ወደ ሩጫ መሄድ ግድ ነው። ኦኒ ኒስካነን የሚባል በፊንላንድ የተወለደ ስዊድናዊ፣ ከጠላት ወረራ በኋላ በ1946 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ወደ አገራችን መጥቶ የክብር ዘበኛን ወታደሮች በስፖርት ያሠለጥን ነበር። ከነዚያ ወታደሮች አንዱ አበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም፣ እኛ አዲሱን ዓመት ለመቀበል በተዘጋጀንበት ምሽት፣ አበበ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰ። በባዶ እግሩ የሮጠው የተገዛው ጫማ ስላልተመቸው ነው፤ ይህንንም ከአሠልጣኙ ጋር ተነጋግሮ የወሰነው ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ድል ሲናገሩ የፈረንጁን ብልሃት ብቻ ያወራሉ። ሌሎች ደግሞ በኩራት ተነሥተው የኒስካነንን ስም ጨርሶ መስማት አይወዱም። የሁለቱም አነጋገር እውነት የጎደለው ነው። ኒስካነን ልምምዱን በሥርዓት አድርጎታል፤ ሩጫውን በሰዓት ለክቶታል፤ ጕልበቱን እንዴት እንደሚቆጥብ መክሮታል። ይህ የራሱ ሥራ ነውና ምስጋናውን አንከለክለውም። ነገር ግን በሮም ድንጋይ ላይ የረገጠው እግር የአበበ እግር ነበር። ከ4 ዓመት በኋላም በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ገና 40 ቀን ሳይሞላው ሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ራሱ አበበ ነው።

ይህ ያላሳመነው ሰው ቢኖር ሜክሲኮን ያስብ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በኒስካነን ሥር የሠለጠኑት አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ በአንድ ቀን በአንድ መንገድ ላይ ሮጡ። አበበ እግሩን ታሞ ስለ ነበረ 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሮጠ አቋረጠ፤ ማሞ አሸነፈ። እንግዲህ ውጤት የአሠልጣኝ ሥራ ከሆነ፣ ኒስካነን በዚያ ቀን ሊቅ ነበርን ወይስ ደንቆሮ? ስለ ማሞ እየተመሰገነ ስለ አበበ ሊወቀስ ነውን? በበቆጂም ነገሩ እንዲሁ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በዚያች የአርሲ ከተማ በአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እጅ አልፈዋል። ይህ ለአሠልጣኙ ታላቅ ክብር ነው። ነገር ግን በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ፊሽካ፣ በዚያው ብርድ ሲሮጡ አድገው ዛሬ ስማቸው የማይታወቅ ልጆች እጅግ ብዙ ናቸው። ትምህርቱ አንድ ሆኖ ውጤቱ ከተለያየ፣ ልዩነቱን ያመጣው ትምህርቱ ብቻ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ቡጢው እንመለስ፤ በቡጢ አሠልጣኙ ለተጋጣሚው ከሩጫ ይልቅ ይቀርበዋልና። የታወቀው የባለ ሙያዎች የሻምፒዮና ግጥሚያ 12 ዙር ነው፤ እያንዳንዱ ዙር 3 ደቂቃ ሲሆን በየመካከሉ 1 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ሒሳቡን ሥሩት። ልጁ 36 ደቂቃ ብቻውን ይዋጋል፤ አሠልጣኙ አጠገቡ የሚቆመው 11 ደቂቃ ነው። በኦሎምፒክ ግጥሚያ ደግሞ 9 ደቂቃና 2 ደቂቃ ይሆናል። አሠልጣኙ በነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ብዙ ሊረዳ ይችላል፤ በቀሩት ደቂቃዎች ግን ከገመዱ ውጭ ቆሞ እንደ እናንተው ተመልካች ነው።

አንጀሎ ዳንዲ የመሐመድ ዓሊ አሠልጣኝ ነበር። በየካቲት 1956 ዓ.ም. በማያሚ ቢች ከተማ፣ ዓሊ ገና ካሲየስ ክሌይ ይባል በነበረ ጊዜ፣ ከሶኒ ሊስተን ጋር ሲጋጠም አንድ የሚያቃጥል ነገር ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ከ4ኛው ዙር በኋላ ማየት ተሳነው፤ ጓንቱም እንዲወልቅለት ጠየቀ። ዳንዲ ዓይኑን አጥቦ ወደ መድረኩ መልሶ ላከው። ሊስተን ከ6ኛው ዙር በኋላ ከመቀመጫው አልነሣም አለ። በዚያች አንድ ደቂቃ የተሠራው ሥራ የዳንዲ ነው፤ ሊስተንን በጡጫ ያደከመው ግን ዳንዲ አይደለም። ከ10 ዓመት በኋላ በጥቅምት 1967 ዓ.ም. በኪንሻሳ ከጆርጅ ፎርማን ጋር በተጋጠመ ጊዜ ደግሞ፣ ዓሊ በገመዱ ላይ ተደግፎ ሲመታ ዳንዲ «ከገመዱ ራቅ!» እያለ ይጮኽ ነበር። ዓሊ አልሰማውም፤ ፎርማንን በዚያው ዘዴ አድክሞ በ8ኛው ዙር ጣለው። ከድሉ በኋላ ሰዎች «ዳንዲ ሆን ብሎ ገመዱን አላልቶት ነበር» እያሉ ሊያመሰግኑት ፈለጉ። እርሱ ግን አላላላሁትም ብሎ ካደ። ያልሠራውን ሥራ ሲሰጡት «የእኔ አይደለም» የሚል ሰው ዛሬ ስንት ይገኛል? የድል አጥቢያ አርበኛ በየዘመኑ ሞልቷል።

ሁለተኛውን ምሳሌ ስሙ። በመስከረም 1987 ዓ.ም. በለንደን ኦሊቨር ማኮል ሌኖክስ ሉዊስን በ2ኛው ዙር ባሸነፈ ጊዜ፣ በማኮል ጥግ ቆሞ የነበረው አሠልጣኝ ኢማኑኤል ስቱዋርድ ነበር። ሉዊስ ብልህ ነውና በመበቀል ፈንታ ያንኑ ሰው አሠልጣኙ አደረገው፤ በኋላም ከእርሱ ጋር ሻምፒዮንነቱን መለሰ። እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «እንግዲህ አሠልጣኝ ሁሉ ነገር ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፣ ያው ሉዊስ ያው ስቱዋርድ በጥጉ ቆሞ ሳለ በሐሲም ራህማን በ5ኛው ዙር ተሸነፈ። በኅዳር 1994 ዓ.ም. ደግሞ ሉዊስ ራህማንን በ4ኛው ዙር ጣለው። ተጋጣሚዎቹ እነዚያው፣ አሠልጣኙም ያው፤ ውጤቱ ግን ተገለበጠ። በሚያዝያ ሉዊስ ሰውነቱ ከወትሮው ከብዶ ነበር የቀረበው። አሠልጣኝ ምግብ ሊመርጥ፣ ሰዓት ሊወስን ይችላል፤ በልጁ ፈንታ ሊራብና በልጁ ፈንታ ሊሮጥ ግን አይችልም። «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የተባለው ለዚህ ነው።

ለተሸናፊ ሁሉ ሰበብ አድርጎ አሠልጣኙን መስደብ ሌላም ክፋት አለበት፤ የአሸናፊውን ድል መስረቅ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ እስከዚያ ቀን ያልተሸነፈው ማይክ ታይሰን በጄምስ ዳግላስ በ10ኛው ዙር ወደቀ። በእውነቱ የታይሰን ረዳቶች በዚያ ቀን ሥራቸውን አልሠሩም፤ የሚያብጠውን ዓይን የሚያስታግሱበት የቀዘቀዘ ብረት እንኳ ስላልያዙ በላስቲክ ጓንት ውስጥ በረዶና ውሃ ሞልተው በዓይኑ ላይ ያኖሩ ነበር። ይህ ቸልተኝነት ነውና ወቀሳው ይገባቸዋል። ነገር ግን ያ ዓይን ያበጠው በማን እጅ ነው? ዳግላስ እናቱ ከሞተች ገና አንድ ወር ሳይሞላት ወደ መድረክ ወጣ፤ በ8ኛው ዙር ወድቆ ተነሣ፤ ከዚያም አሸነፈ። «ታይሰን የተሸነፈው በረዳቶቹ ስንፍና ነው» የሚል ሰው፣ ያን ሁሉ የዳግላስን ልብ ዋጋ እንደሌለው ይቆጥራል። ሽንፈት ሁልጊዜ ከጥፋት አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ ያኛው በልጦ ነው።

እንግዲህ ውጤቱ የልጁ ከሆነ የአሠልጣኝ ዕዳ ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አቁሙ።

አንደኛው ኤዲ ፉች ነው። መስከረም 20 ቀን 1968 ዓ.ም. በማኒላ እርሱ ያሠለጠነው ጆ ፍሬዘር ከመሐመድ ዓሊ ጋር 14 ዙር ተዋጋ። ዓይኖቹ ከማበጣቸው የተነሣ የሚመጣበትን ጡጫ ማየት አልቻለም። የቀረው አንድ ዙር ብቻ ነበር። ፍሬዘር እቀጥላለሁ እያለ ቢለምንም ፉች አልፈቀደለትም፤ ግጥሚያውን አስቆመ። በመዝገብ ላይ ፉች ተሸናፊ ነው።

ሁለተኛው ካርሎስ ሉዊስ ነው፤ ከሌኖክስ ጋር የሚመሳሰለው በስም ብቻ ሲሆን ፓናማ ሉዊስ በመባል ይታወቃል። በሰኔ 1975 ዓ.ም. በኒው ዮርክ እርሱ ያሠለጠነው ሬስቶ፣ ቢሊ ኮሊንስ የሚባለውን ያልተሸነፈ ወጣት 10 ዙር ሙሉ ቀጥቅጦ በዳኞች ድምፅ አሸነፈ። ግጥሚያው እንዳለቀ የኮሊንስ አባት፣ አሠልጣኙም እርሱ ነበር፣ የሬስቶን እጅ ሲጨብጥ ጓንቱ ሳስቶ አገኘው። ቢመረመር ከውስጡ መከታው ወጥቷል። ድሉ ተሰረዘ፤ ሉዊስና ሬስቶ በ1986 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ተፈርዶባቸው ታሰሩ። የኮሊንስ ዓይን ግን ተበላሽቶ ቀረ፤ ዳግመኛ አልተጋጠመም፤ ዓመት ሳይሞላው በመኪና አደጋ ሞተ። ሬስቶም ከብዙ ዓመት በኋላ የእጁ መጠቅለያ ጭምር በጀሶ ተጠንክሮ እንደ ነበር አመነ።

እናንተ በውጤት ብቻ የምትፈርዱ ሰዎች ሆይ፣ አሁን ፍረዱ። በዚያ ምሽት የኒው ዮርክ ተመልካች ወደ ቤቱ ሲሄድ ፓናማ ሉዊስ አሸናፊ አሠልጣኝ ነበር፤ በማኒላ ፉች ተሸናፊ ነበር። በእናንተ ሚዛን የመጀመሪያው በትከሻ ላይ ይወጣል፤ ሁለተኛው ይሰደባል። ሚዛናችሁ ይህን የሚያሳያችሁ ከሆነ ሚዛናችሁን ስበሩት። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ግንባችን ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው፤ የተሠሩትም ሰው እንዲወጣባቸው ብቻ ሳይሆን እንዲመለስባቸውም ነው። ልጅን ለውጊያ አውጥቶ የመመለሻውን በር የሚዘጋ አሠልጣኝ፣ መቶ ጊዜ ቢያሸንፍ እንኳ ከፉች አንድ ሽንፈት አይተካከልም።

ነገሩ በሩቅ አገር ብቻ የሚያስፈራ አይደለም። እኛ አሠልጣኝን በውጤት ብቻ የምንመዝን ከሆነ፣ በየቀበሌያችን ያሉትን አሠልጣኞች ሦስት መጥፎ ነገር እናስተምራቸዋለን። አንደኛ፣ ስድባችንን ፈርተው ፎጣ መወርወር ይተዋሉ። ሁለተኛ፣ ለስማቸው ሲሉ ገና ያልደረሰውን ልጅ ከበረታው ጋር ያጋጥማሉ፤ ወይም የበረታውን ከደካማ ጋር አጋጥመው በከንቱ ያኮሩታል። ሦስተኛ፣ ተፈጥሮ ያደለውን ልጅ ብቻ መርጠው፣ ማሠልጠኛው ይበልጥ የሚያስፈልገውን ደካማውን ከደጅ ይመልሱታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ እናት ልጇን ታቅፋ ሆስፒታል በር ላይ ስታለቅስ «አሠልጣኙ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?» እንላለን። ጭካኔውን ያስተማርነው እኛ ነን።

«ታዲያ ውጤት ስለ አሠልጣኝ ምንም አይነግረንምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ውጤት አይነግረንም፤ የብዙ ዓመትና የብዙ ልጆች ውጤት ግን ይነግረናል። አንድ ተማሪ በፈተና ቢወድቅ ነገሩ የተማሪው ሊሆን ይችላል፤ የአንድ መምህር ተማሪዎች ሁሉ በየዓመቱ በዚያው ጥያቄ ላይ ቢወድቁ ግን መምህሩን መጠየቅ ይገባል። እንዲሁም የአንድ አሠልጣኝ ልጆች ሁሉ ግራ እጃቸውን እየጣሉ በአገጫቸው የሚመቱ ከሆነ፣ እጅን ማንሣት ያላስተማረው እርሱ ነው። በመኪና ግርግር ተቀምጦ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ልኬቱን ቢያጠብብ ይወቀሳል፤ ለባሹ በእሾህ መካከል አልፎ ልብሱን ቢቀደው ግን አይወቀስም።

ስለዚህ አሠልጣኝን በአራት ነገር መርምሩት። የሚገባውን ሁሉ አስተምሯልን? ለልጁ እውነቱን ነግሮታልን ወይስ በውዳሴ አታሎታል? የሚመጥነውን ተጋጣሚ መርጦለታልን? ማቆም በሚገባው ጊዜ አስቁሞታልን? እነዚህ አራቱ በእጁ ያሉ ነገሮች ናቸውና በነርሱ ብትወቅሱት አይበደልም፤ ብታመሰግኑትም ሐሰት አይሆንባችሁም። ከነዚህ ውጭ ያለው፣ የልጁ ልብ፣ የተጋጣሚው ብርታት፣ የዳኛው ዓይን፣ የዚያች ቀን ሁኔታ፣ በእጁ አይደለም።

ለእናንተም ለወጣቶች አንድ ቃል አለኝ። ብዙዎቻችሁ የቡጢ ጓንት ሳታጠልቁ ዕድሜያችሁን ትፈጽማላችሁ፤ ነገር ግን ሁላችሁም አስተማሪ ነበራችሁ፤ ሁላችሁም ከሚበልጣችሁ ጋር አንድ ቀን ትጋጠማላችሁ። በዚያ ቀን ብትሸነፉ «መምህሬ አላስተማረኝም» ብላችሁ ከኋላው አትሸሸጉ፤ በቅድሚያ ያስተማራችሁን ሠርታችሁበት እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ብታሸንፉም ያደረሳችሁን ሰው አትርሱ፤ ነገር ግን ድላችሁን ጠቅልላችሁ ለሌላ ሰው አትስጡ፤ ድሉን ለሌላ የሰጠ ሰው ነገ ሽንፈቱንም ለሌላ መስጠት ይለምዳልና። ያሸነፋችሁን ሰው ደግሞ አክብሩት። ነገ አሠልጣኝ ወይም መምህር ወይም አለቃ የምትሆኑም፣ ፎጣችሁን በትከሻችሁ ላይ ያኖራችሁት ላብ ለመጥረግ ብቻ እንዳልሆነ አስቡ፤ መወርወር ባለበት ሰዓት የሕዝቡን ጩኸት ሳትሰሙ ወርውሩት።